ሦስት ጥማድ ውሻ፦ ከስቶክሆልም እስከ ኪሩና የስድስት ቀን ማስታወሻ

ሰኞ፣ የካቲት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ስቶክሆልም

ልጄ ውሻ የሚጎትተው የበረዶ ጋሪ ላይ ውሰደኝ ማለት ከጀመረች ሁለት ዓመት አልፏታል። 16 ዓመቷ ነው። እዚሁ ስቶክሆልም ተወልዳ ያደገች ስለሆነች መንገድ ላይ ያገኘችውን ውሻ ሁሉ አንገቱን ሳታሻሽ አታልፍም። እኔ ደግሞ ውሻ ሳይ መንገድ እሻገራለሁ። በስፖርትሎቭ፣ ማለትም የስዊድን ተማሪዎች በክረምቱ አጋማሽ አንድ ሳምንት በሚያርፉበት ጊዜ እንሂድ ስትለኝ፣ አንዱን ዓመት በገንዘብ አመካኘሁ፣ ሌላውን በሥራ ፈረቃ። ዘንድሮ ማመካኛው አለቀብኝ።

ነገሩ ፍርሃት ነው፤ ምን እደብቃለሁ። ጉለሌ ሳድግ፣ በስምንት ዓመቴ ይመስለኛል፣ ዳቦ ልገዛ ተልኬ ስመለስ አንድ ባለቤት የሌለው ውሻ ባቴን ዘነጠለኝና ተሰወረ። የነከሰ ውሻ ከተገኘ ታስሮ ይጠበቃል፤ ካልተገኘ መርፌ ነው። እናቴ እጄን ይዛ የእብድ ውሻ መርፌ ወደሚሰጥበት ወደ ፓስተር ተቋም ወሰደችኝ። በየቀኑ እየተመላለስን ሆዴን፣ እምብርቴ ዙሪያውን ተወጋሁ። ከዚያ ወዲህ ውሻ ሲጮኽብኝ የሚያመኝ ባቴ ሳይሆን ሆዴ ነው።

ከመውጣታችን በፊት እናቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። ወደ ሰሜን፣ በረዶ ወዳለበት ልንሄድ ነው አልኳት። «እዚያ ያላችሁበትስ በረዶ መች ጠፋ?» አለችና ትንሽ ቆይታ «ጋቢህን እንዳትረሳ» አለችኝ። ስለ ውሾቹ ትንፍሽ አላልኩም።

የሌሊቱ ባቡር ክፍል ስድስት አልጋ አለው፤ ሦስት በዚህ፣ ሦስት በዚያ። ልጄ ላይኛው ላይ ወጣች፤ እኔ ታች ቀረሁ። ሳምንቱ ቅድስት ነው። በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይዣለሁ፤ ልጄ አትጾምም፣ የራሷን ቺፕስ ይዛለች። ሥራዬ አውቶቡስ መንዳት ስለሆነ ሌላ ሰው ሲነዳኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። ባቡሩ ፍጥነቱን ሲቀንስ ሁሉ ቀኝ እግሬ ብርድ ልብሱ ውስጥ ፍሬን ይፈልጋል።

ማክሰኞ፣ የካቲት 17፣ ኪሩና

ጧት መጋረጃውን ስገልጥ ዓለም ሁለት ቀለም ብቻ ቀርቶታል፤ ነጭ በረዶና ጥቁር ጥድ። ከዬሊቫሬ ከተማ በፊት የአርክቲክን ክበብ አልፈናል። ልጄ ተኝታ ነበርና ለምን አልቀሰቀስከኝም ብላ እስከ ኪሩና አኮረፈችኝ።

ከባቡር ስንወርድ ብርዱ ከዜሮ በታች 19 ነበር። አፍንጫዬ ውስጥ ያለው ፀጉር ሲደርቅ ተሰማኝ። በልጅነቴ የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያህል የለም ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ደብረ ብርሃኖች ይቅር ይበሉኝ።

ማረፊያችን ስንደርስ ግን አንድ ነገር አሳቀኝ። እንግዳ ተቀባይዋን «ክፍሉ ዝግጁ ነው?» ብዬ ብጠይቃት መልስ አልሰጠችኝም፤ ትንፋሿን «ሽፕ» አድርጋ ወደ ውስጥ ሳበች ብቻ። ደንግጣ መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ በሰሜን ስዊድን «አዎ» የሚባለው እንዲህ ነው! እኛም እኮ ሰው ሲያወራን ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ስበን ነው «እ» የምንለው። ስቶክሆልም ስንት ዓመት ስኖር ይህን ሳደርግ ምን ሆንክ እያሉኝ፣ እዚህ ከአርክቲክ ክበብ በላይ የአገሬን «አዎ» አገኘሁት።

ኪሩና በ1900 ለብረት ማዕድን ሲባል የተቆረቆረች ከተማ ናት። አሁንም የምትፈርሰው በዚያው ብረት ነው። ማዕድኑ ያለበት ዐለት እያዘነበለ ወደ ከተማው ሥር ይገባል፤ ብረቱ ወጥቶ ሲያልቅ ከላይ ያለው መሬት ይሰነጠቃል፣ ይሰምጣል። ስለዚህ ማዕከሉን ነቅለው ወደ 3 ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ ወሰዱት፤ አዲሱ የከተማ ማዕከል በ2022 ተመረቀ። አሮጌው ሰፈር አጠገብ ታጥሮ የተዘጋ መንገድ አየን፤ የመንገድ መብራቶቹ ግን እንደቆሙ ናቸው።

እኔን ከሁሉም የገረመኝ ቤተ ክርስቲያኑ ነው። በ1912 የተሠራ፣ ሙሉ በሙሉ እንጨት የሆነ፣ ቀይ ቀለም የተቀባ ትልቅ ሕንጻ ነው። ቅርጹ የሳሚዎችን፣ የዚህን ሰሜን ነባር ሕዝብ፣ ድንኳን ይመስላል። ባለፈው ነሐሴ 672 ቶን የሚመዝነውን ይህን ሕንጻ ሳያፈርሱ፣ ብዙ ጎማ ባላቸው ተሽከርካሪዎች ላይ ጭነው 5 ኪሎ ሜትር አጓጓዙት። ሁለት ቀን ፈጀ። ለመንገዱ ማስፊያ ብዙ ተደክሟል፤ ሕንጻው 40 ሜትር ስፋት አለውና። አዲሱ ቦታው ላይ በበረዶ ተከቦ ቆሞ ሳየው፣ ከዱሮም እዚያው የነበረ ይመስላል። በእኛ አገር ታቦቱ ይወጣል፣ ሕዝቡ ይከተላል፣ ሕንጻው ቦታውን አይለቅም። እዚህ ሕንጻው ራሱ ተነሥቶ ሄደ። እኔ እንደ ሹፌር የማስበው ግን ያንን የነዳውን ሰው ነው። 18 ሜትር አውቶቡስ ጠባብ መታጠፊያ ላይ ማዞር ምን እንደሚመስል አውቃለሁና እጁ አልተንቀጠቀጠም ይሆን?

ሌሊት ሰባት ሰዓት ተኩል ግድም አልጋው ነዘረኝ። በምድር ውስጥ፣ ከ1,300 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ፣ ሌሊት ሌሊት ድማሚት ያፈነዳሉ። ልጄ አልሰማችም። የከተማው ሰውም ለምዶታል አሉ።

ረቡዕ፣ የካቲት 18፣ አቢስኮ

ወደ ኖርዌይ በሚወስደው የባቡር መስመር ከአንድ ሰዓት ጥቂት አለፍ የሚል መንገድ ነው። በመንገድ ላይ የብረት ማዕድን የጫነ ባቡር አለፈን። ፉርጎዎቹን ልጄ ቆጠረቻቸው፦ 68። ወደ ናርቪክ ወደብ ነው የሚሄዱት።

አቢስኮ ጥቂት ቤቶች፣ አንድ ሱቅና 70 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ሐይቅ ነው። ቶርነትረስክ ይባላል። ሐይቁ ላይ በእግራችን ሄድን። በረዶው አንዳንዴ ከሥር እንደ ከበሮ ይጮኻል፤ አንዲት አሮጊት ውሻዋን ይዛ ስታልፍ አይታን «እየወፈረ ስለሆነ ነው የሚጮኸው፣ ዝም ሲል ነው የሚያስፈራው» አለችን። እውነት ይሁን ቀልድ እስካሁን አልገባኝም። ውሻዋ ሲያሸተኝ እጄን ኪሴ ከተትኩ።

ሰዉ አቢስኮ የሚመጣው ሌሊት ሰማይ ላይ ለሚታየው ባለ ቀለም ብርሃን፣ ለሰሜን ብርሃን ነው። በዙሪያው ያሉ ተራሮች ዳመናውን ስለሚያስቀሩት ሰማዩ ብዙ ጊዜ ጥርት ያለ ነው፤ በስዊድን ዝናብ በጣም የሚያንሰው እዚህ ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ወጣን። ጨረቃዋ ከግማሽ አልፋ በረዶውን አብርታዋለች። መጀመሪያ ያየሁት አንድ ቀጭን አመድማ ጢስ ነበር፤ የቤት ጭስ መሰለኝ። ልጄ ስልኳን አውጥታ ስታነሣው ደማቅ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። «አባዬ፣ ስልኩ ካንተ የተሻለ ያያል» አለች። በኋላ ግን፣ ለአሥር ደቂቃ ያህል፣ ያ ጢስ ተነሥቶ እንደ መጋረጃ ተወዛወዘ፤ ያኔ በዓይኔም አረንጓዴውን አየሁት፣ ከታች ጠርዙ ደግሞ ትንሽ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። አፌን ከፍቼ ስመለከት ጥርሴን በረደኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 19፣ ዩካስየርቪ

ተመልሰን ኪሩና፣ ከዚያ በአውቶቡስ ዩካስየርቪ የምትባል መንደር። የአውቶቡሱ ሹፌር በበረዶ መንገድ ላይ የሚነዳበትን ፍጥነት አይቼ ዳዊት መድገም ቃጣኝ። ጎማው ምስማር አለው፤ ቢሆንም።

ከቶርነ ወንዝ በተቆረጠ በረዶ የሚሠራውን ሆቴል ጎበኘን። አልጋው በረዶ ነው፣ በላዩ የአጋዘን ቆዳ ተነጥፏል። ልጄ ተኝታ ፎቶ ተነሣች። ለአንድ ሌሊት የሚከፈለውን ስሰማ ጋቢዬን ጠበቅ አድርጌ ወደ ውጭ።

ከዚያ ይልቅ ልቤን የነካው አጋዘን ከሚያረቡ አንድ የሳሚ አዛውንት ጋር የጠጣነው ቡና ነው። ነገ ውሾች ጋር እንደምንሄድ ስነግራቸው ፈገግ አሉ። ጋሪ በውሻ መጎተት የእነሱ ልማድ እንዳልሆነ ነገሩኝ። ሳሚዎች ጋሪያቸውን የሚያስጎትቱት በአጋዘን ነበር፤ ውሻው መንጋውን ይጠብቃል፣ ይሰበስባል እንጂ አይጠመድም። በውሻ መጓዝ የግሪንላንድና የአላስካ ሰዎች ጥበብ ነው፤ ወደዚህ ይህን ያህል የመጣው ከቱሪስት ጋር ነው። «ውሻን የሚጠምድ ሰው፣ ውሻው ወዴት መሄድ እንደሚፈልግ አስቀድሞ ይጠይቀው» አሉኝ። ቡናቸው ውስጥ አይብ ስለሚጨምሩ ለእኔ ለብቻው ቀዱልኝ። ጾም ነው ስላቸው አልጠየቁኝም፤ «ሽፕ» ብቻ።

ዓርብ፣ የካቲት 20፣ ውሾቹ

ከመኪናው ሳንወርድ ጩኸቱ ተቀበለን። ጩኸት ስል የአንድ ሰፈር ውሻ አይደለም፤ ደርዘን ደርዘኖች በአንድነት ነው፣ የሚያላዝኑ፣ የሚያጓሩ፣ ቤታቸው ጣሪያ ላይ ወጥተው የሚዘሉ። ሆዴ ወዲያው ጀመረኝ። ልጄ ክንዴን ይዛ «ፈራህ?» አለችኝ። «ብርዱ ነው» አልኳት። ከዜሮ በታች 24 ነበርና ውሸቱ አሳማኝ ነው።

የጠበቅኩት ተኩላ የሚያህሉ፣ ሰማያዊ ዓይን ያላቸው ነበር። ያገኘሁት ቀጫጭን፣ እግረ ረጃጅም፣ አንዱ ቡናማ ሌላው ጉራማይሌ፣ ከጉለሌ ውሾች ብዙም የማይለዩ ውሾች ናቸው። አላስካን ሃስኪ ይባላሉ። በመልክ ሳይሆን በሩጫ የተመረጠ ድብልቅ ዝርያ ነው። መሪያችን ከጀርመን የመጣች ወጣት ናት፤ ክረምቱን እዚህ ትሠራለች። አንድ ቤት የተወለዱትን ውሾች በቅመም ስም እንደጠሯቸው ነገረችን። ከፊት የምትመራው ካኔል ናት፣ ቀረፋ ማለት ነው። ከኋላ፣ ጋሪው አጠገብ የምትታሰረው ደግሞ ካርደሙማ። ስሙን ስሰማ ፍርሃቴ አንድ ደረጃ ወረደ፤ ኮረሪማ ብዬ ጠራኋት። በኮረሪማ የሚፈራ ሐበሻ የለም።

ስድስት ውሾች፣ ሁለት ሁለት ሆነው፣ በአንድ ረጅም ገመድ። ሦስት ጥማድ ማለት ነው። እኔ እያሰብኩ ያለሁት ግን ልጓሙ የት ነው እያልኩ ነበር። ልጓም የለም። ጅራፍም የለም። ለጀማሪ የሚሰጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ፍሬን። ቆሜ የምሄድባቸው ሁለት መንሸራተቻዎች አሉ፤ በመካከላቸው ሁለት ዓይነት ፍሬን አለ፤ አንዱ ስትረግጠው በረዶውን የሚያሽ ምንጣፍ፣ አንዱ የሚቧጥጥ ብረት። ከቆሙ በኋላ ጋሪውን የሚይዘው መልህቅ ነው፤ በእግር በረዶ ውስጥ ይቀበራል። መሪያችን ትምህርቱን ባጭሩ ጨረሰችው፦ «መታጠፊያ ላይ ወደ ውስጥ አዘንብል፣ ዳገት ላይ ወርደህ ግፋ፣ ምንም ቢመጣ እጀታውን እንዳትለቅ። እነሱ መሮጥ ያውቃሉ፤ ያንተ ሥራ ማቆም ነው።»

ሃያ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቼ፣ ማቆም ለእኔ ምን ያቅተኛል አልኩ።

ልጄ ጋሪው ውስጥ ተቀመጠች፣ ጋቢውን ጉልበቷ ላይ ጣልኩላት። ውሾቹ ገመዱን ይነክሳሉ፣ በሁለት እግራቸው ይቆማሉ፣ ፊት ለፊት ያለችው ቀረፋ ዞራ ዞራ ታየኛለች። መልህቁን ነቀልኩ።

ያ ሁሉ ጩኸት በአንድ ጊዜ ጠፋ። ይህን ማንም አልነገረኝም። መሮጥ ሲጀምሩ አንዱም ውሻ ድምፅ አያወጣም። የሚሰማው የበረዶው ሹክሹክታ፣ ትንፋሻቸው፣ አንዳንዴ የመንሸራተቻው ጭረት ብቻ ነው። ፀሐይዋ ጥዶቹ ጫፍ ላይ ዝቅ ብላለች። ከውሾቹ አፍ የሚወጣው እንፋሎት ወደ ኋላ ተጎትቶ ፊቴ ላይ ሲደርስ ውርጭ ይሆናል። አንዱ እየሮጠ ጎንበስ ብሎ በረዶ ገምጦ ይውጣል፤ ሙቀቱን ለማብረድ ነው። ሌላው፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሳይቆም እየሮጠ ይጸዳዳል፤ ከኋላ ያለ ሰው ሁሉን ይቀበላል።

ከዚያ መታጠፊያው መጣ። ወደ ውስጥ አዘንብል የተባልኩትን ረስቼ፣ አውቶቡስ ላይ እንደለመድኩት ቀጥ ብዬ ቆምኩ። አንዱ መንሸራተቻ ልል በረዶ ውስጥ ገባ፤ ቀኝ እግሬ ፍሬኑን ሲፈልግ አየር ረገጠ። እጀታውን ለቀቅኩ።

በፊቴ ተደፍቼ ቀና ስል ጋሪው እየሄደ ነው። ስድስት ውሾች፣ ሦስት ጥማድ፣ ልጄን ጭነው፣ ሹፌር የለም። ስሟን ጠርቼ ጮኽኩ። እሷ ዞራ አየችኝና ሁለት እጇን ወደ ላይ አንሥታ ሳቀች። በስምንት ዓመቴ ጭራሽ ያልጮኽኩትን ጩኸት ነው የጮኽኩት። በረዶው እስከ ጉልበቴ፣ የሰጡኝ ጫማ ደግሞ እንደ ሁለት ዳቦ ነው፤ እንዴት እንደሮጥኩ እግዚአብሔር ያውቃል። እንደ እውነቱ ግን የሚያስፈራ ነገር አልነበረም። መሪያችን ፊት ለፊት ነበረችና ጋሪዋን አቆመች፤ ውሾቼም የእሷን ጋሪ ሲደርሱ ቆሙ፣ ተቀምጠው በረዶ ይልሱ ጀመር። ላብ በላብ ሆኜ ስደርስ ኮረሪማ ተገልብጣ በረዶው ላይ ጀርባዋን ታሻለች።

መሪያችን አልተቆጣችም። ሻይ ቀዳችልኝና «አሁን እሷ ትንዳ» አለች። ልጄ ቆመች፣ እኔ ተቀመጥኩ። ጋቢው ወደ እኔ ተመለሰ።

ቀኑ ያማረው ከዚያ በኋላ ነው። ከታች ሆኜ ያየሁትን ከላይ ሆኜ አላየሁትም ነበር። ኮረሪማ በሁለት ክንድ ርቀት ላይ ናት፤ የእግሯ መዳፍ ሲነሣ ሥሩ ሮዝ ነው፣ በጣቶቿ መሐል ትንንሽ የበረዶ ጠጠሮች ተንጠልጥለዋል። ጆሮዎቿ ወደ ኋላ ወደ ልጄ ድምፅ ይዞራሉ። ልጄ በስዊድንኛ ስትጠራቸው ቆየችና ዳገት ላይ ሲከብዳቸው ወርዳ እየገፋች በአማርኛ «ጎበዝ! ጎበዝ!» ማለት ጀመረች። ቤት ውስጥ እኔ የቤት ሥራ ስትጨርስ የምላት ቃል ነው። መሪያችንም ከፊት ሆና ሰምታ «ጎቤስ!» እያለች ቀጠለች።

እሳት ያነደድነው ወንዙ ዳር ነው። መሪያችን ያጨሱትን የአጋዘን ሥጋ በምጣድ ጠብሳ በቀጭን ቂጣ ጠቅልላ ለልጄ ሰጠቻት። ሽታው አሳሳተኝ፤ አልዋሽም። እኔ በፈላ ውኃ በሶዬን በጠበጥኩ፣ ለመሪያችን ቆሎ ዘገንኩላት። ቆሎውን ወደደችው። ውሾቹም አፍጥጠው አዩት።

እሳቱ ዳር አንድ ታሪክ አወራችን፤ ግማሹን ልጄም ታውቀው ነበር። በ1925 በአላስካ ኖም በምትባል ከተማ ጉሮሮ የሚዘጋው ዲፍቴሪያ ልጆችን መግደል ጀመረ። መድኃኒቱ ሩቅ ነበር፣ አውሮፕላን በዚያ ብርድ አልሆነም። 20 ሰዎችና 150 ያህል ውሾች እየተቀባበሉ 1,085 ኪሎ ሜትር ያህሉን በአምስት ቀን ተኩል አደረሱት። ረጅሙንና አስፈሪውን መንገድ የያዘው ሊዮንሃርድ ሴፓላ ነው፤ ከዚህ ብዙ በማይርቀው በሰሜን ኖርዌይ ነው የተወለደው። መሪ ውሻው ቶጎ የ12 ዓመት ሽማግሌ ነበር። መጨረሻውን ያደረሰው ግን ባልቶ ስለሆነ ኒው ዮርክ ላይ ሐውልት የቆመለት ለባልቶ ነው። «ፍትሕ አይደለም» አለች ልጄ፣ ቅቤው በአገጯ እየወረደ። እኔ ደግሞ ፓስተር ትዝ አለኝ። እኔን ውሻ መርፌ አስወጋኝ፣ የኖም ልጆች ግን መርፌያቸውን ውሻ ነው ያመጣላቸው። ታሪኩን ለልጄ ነግሬያት አላውቅም ነበር፤ እዚያው ሱሪዬን ሰብስቤ ባቴን እንዳላሳያት ብርዱ ከለከለኝ፤ በቃል ነገርኳት። «ለዚህ ነው መንገድ የምትሻገረው?» አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ብር የለም፣ ፈረቃ ነው እያልኩ ያለፍኩትን ሁሉ ዐወቀችብኝ።

ስንመለስ ውሾቹን መፍታት የእንግዳው ድርሻ ነው ተባለ። እኔ ኮረሪማን ያዝኩ። የደረት ማሰሪያውን በራሷ በኩል ለማውጣት አንድ እግሯን አጥፌ መሳብ ነበረብኝ፤ እጄ ሲንቀጠቀጥ እሷ ጠበቀችኝ። ሲወጣላት ራሷን አራገፈችና ሙሉ ክብደቷን እግሬ ላይ ጥላ ተደግፋ ቆመች። በየትኛው ባቴ ላይ እንደተደገፈች ልብ ያልኩት ማታ፣ ልብሴን ሳወልቅ ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 21፣ ባቡር ውስጥ

ጥቂት ነው የምጽፈው፣ ደክሞኛል። የማላውቀው ጡንቻ ሁሉ ያመኛል። ሰኞ ጧት በ11 ሰዓት ፈረቃ አለኝ፤ ዓድዋ ነው፣ እዚህ ግን ማን ያውቅልኛል። ልጄ ላይኛው አልጋ ላይ ሆና ፎቶ ታያለች፣ ብቻዋን ትስቃለች። በበረዶው ላይ የተደፋሁበትን መሪያችን ቀርጻዋለች ለካ።

ባቡሩ ዬሊቫሬ ቆሞ ሳለ እናቴ ደወለች። በዚህ ጊዜ ነገርኳት። ውሾች መሆናቸውን፣ ስድስት መሆናቸውን፣ ጋሪ መጎተታቸውን። ዝም አለች። ልታለቅስ ነው ብዬ ተጨነቅኩ።

«ውሻ ነው ያልከኝ?»

«ውሻ ነው፣ እማዬ።»

«ምነው፣ እዚያ አገር ፈረስ የለም እንዴ?»

ልጄ ከላይ ሰምታ አልጋው እስኪነቃነቅ ሳቀች። እማዬ ቀጠለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦ «ጋቢውስ? ጋቢውን አላስነካሃቸውም አይደል?»

ጋቢው አንገቴ ላይ ነው። ጭስና ውሻ ይሸታል፤ አንዱ ጠርዝ ላይ ቡናማ ፀጉር ተጣብቋል።

«አላስነካኋቸውም» አልኳት።